የመንገድ ባልንጀራ

ቋንቋ የሚማር ሰው ከቀን ወደ ቀን የሚደጋግመው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ‹‹ይህ ነገር በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?›› የሚለው ነው። እኛም አማርኛን ከእናታችን አፍ ሳይሆን በሚስዮን ትምህርት ቤት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የለቀምን፣ በኋላም በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለን በማታ ትምህርት ያቃናን ስለ ሆንን፣ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ አልተውነውም። በአፍ መፍቻችን በትግርኛ ‹‹ዓርኪ›› የምንለውን ሰው አማርኛ አንድ ጊዜ ጓደኛ፣ አንድ ጊዜ ወዳጅ፣ አንድ ጊዜም ባልንጀራ ሲለው እናገኘዋለን። መምህራችንን ልዩነቱን ብንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ ‹‹ጓደኛ አብሮህ የሚውል ነው። ወዳጅ የሚወድህ ነው። ባልንጀራ ግን ‘ባለ እንጀራ’ ከማለት የመጣ ነው ይባላልና፣ እንጀራውን የሚያካፍልህ ነው። ሦስቱንም በአንድ ሰው ላይ ያገኘህ እንደ ሆነ አትልቀቀው።›› ይህን ቃል በደብተራችን ላይ ጻፍነው፤ ቁም ነገሩ የገባን ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያውም አንድ የባዕድ አገር ሰው የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ካነበብን በኋላ ነው።

በዚያ የማታ ክፍል እንገናኝ የነበርነው ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የመጣን ሠራተኞች ነበርን። ከመካከላችን የአፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ ነበረ፤ ሶማልኛ የሆነ ነበረ፤ ዐፋርኛ የሆነም ነበረ። ክፍሉ አንድ መልካም ልማድ ነበረው። በየወሩ አንዱ ተማሪ በሌላ ቋንቋ ያነበበውን መጽሐፍ በአማርኛ ይተርካል፤ የቀሩትም ስለ ታሪኩ የመሰላቸውን በአማርኛ ይናገራሉ። ተናጋሪው ቢሳሳት መምህሩ ሰዋስዉን ያርሙለታል እንጂ አሳቡን አያርሙበትም። በ2014 ዓ.ም. ተራው የእኛ በሆነ ጊዜ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛነውን፣ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ የጻፈውን ‹‹አረቢያን ሳንድስ›› የተባለውን መጽሐፍ ይዘን ቀረብን። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹‹የዐረብ ምድር አሸዋ›› እንደ ማለት ነው። የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ሲሆን፣ ከዚህ በታች ስለ ጸሐፊው የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው።

ቴሲጀር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1910 የተወለደው በአዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው፤ አባቱ በዚያ የአገሩ መንግሥት መልእክተኛ ነበር። በ1916 የሰገሌ ጦርነት ካለቀ በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት በከተማይቱ ሲሰለፍ በልጅነት ዓይኑ ተመልክቶአል። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተጠርቶ መጣ። በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በዐፋር ምድር እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ተጓዘ። በ1941 ደግሞ በጌዴዎን ጦር ውስጥ ሆኖ ከአርበኞች ጋር ጣሊያንን ተዋጋ። በ1945 አዲስ አበባ ሳለ፣ አንበጣ የሚራባበትን ስፍራ የሚመረምር ድርጅት ሥራ ሰጠውና ወደ ዐረብ ምድር ተሻገረ። አንበጣው ምክንያት ሆነለት እንጂ ልቡ የተሰቀለው ዐረቦች ‹‹ሩብ አል ኻሊ›› በሚሉት፣ ስፋቱ ወደ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የአሸዋ በረሃ ላይ ነበር።

ይህን በረሃ በመሻገር የመጀመሪያው እርሱ አይደለም፤ በርትራም ቶማስ በ1931፣ ፊልቢም በ1932 ተሻግረውታል። ቴሲጀር ግን ከ1946 እስከ 1948 ባለው ጊዜ ውስጥ በልዩ ልዩ መንገድ ሁለት ጊዜ ተሻገረው። አብረውት የተጓዙት ራሺድ ከሚባለው ነገድና ከጎረቤቶቹ የተገኙ ባለ ግመሎች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ከሁሉ አብልጦ የወደዳቸው ሁለት ወጣቶች ሳሊም ቢን ካቢናና ሳሊም ቢን ጋባይሻ ይባላሉ። ቢን ካቢና ከጸሐፊው ጋር ሲተዋወቅ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ግድም የሆነው፣ አባቱ ሞቶበት እናቱንና ታናናሾቹን የሚያስተዳድር ልጅ ነበር። ዐረቦቹ እንግሊዛዊውን ሙባረክ ብለው ጠሩት፤ እርሱም መጽሐፉን ለሁለቱ ወጣቶች መታሰቢያ አደረገው። ስለዚህ መጽሐፉ ከውጭ ሲታይ የአሸዋ መጽሐፍ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የወንዶች ባልንጀርነት መጽሐፍ ነው።

ለክፍል ጓደኞቻችን ከመጽሐፉ ሁለት ነገር መርጠን ተረክን። አንደኛው የጥንቸሏ ታሪክ ነው። ተጓዦቹ ብዙ ቀን ሥጋ ሳይቀምሱ ከቆዩ በኋላ አንዲት ጥንቸል ያዙ። ጥንቸሏ በድስት ስትንተከተክ ሁሉም ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠባበቁ ነበር። በዚያች ሰዓት ሦስት የማያውቋቸው ሰዎች በአሸዋው ላይ ብቅ አሉ። ባለ ግመሎቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ፤ እንጀራውንም ጥንቸሏንም በደስታ ፊት ለእንግዶቹ አቀረቡ፤ እነርሱ ግን አልቀመሱም። ጸሐፊው በልቡ እንዳልተደሰተ ሳይደብቅ ጽፎአል። ሁለተኛው ደግሞ ጸሐፊው ባልንጀሮቹ እህል ፍለጋ እስኪመለሱ ድረስ ሦስት ቀን በአሸዋ ክምር ላይ ተኝቶ የተራበበት ጊዜ ነው። በሆዱ ስለ ምግብ፣ በአሳቡም ስለ መኪና ካለመ በኋላ ራሱን መረመረና፣ ጠግቦ በወንበር ላይ ከመቀመጥ ይልቅ እዚያው ተርቦ መገኘትን እንደሚመርጥ ተረዳ።

ተረካችንን በጨረስን ጊዜ አስተያየቱ እንደ ዝናብ ወረደብን።

በመጀመሪያ የተናገሩት በዕድሜ አባታችን ሊሆኑ የሚችሉ አንድ የሒሳብ ክፍል ሹም ናቸው። ‹‹ልጄ፣ ታሪኩ ያምራል›› አሉ፤ ‹‹ነገር ግን እነዚህ ባለ ግመሎች ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር ብለሃል። ደመወዝ የተከፈለበት ወዳጅነት ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኝ ያለው ነገር ደግሞ ንግድ ነው።›› ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ለጸሐፊው ጥብቅና ቆመን፣ በ1948 በሁለተኛው ጉዞ ላይ ሱለይል በምትባል መንደር በንጉሥ ኢብን ሳዑድ ትእዛዝ አብረውት መያዛቸውን፣ ከጠላት ነገድ መካከልም ነፍሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ማለፋቸውን አስረዳናቸው። ለዚህ ደመወዝ አይበቃም አልናቸው። ሹሙም ጥቂት አሰቡና፣ ‹‹ለነፍስ የሚሆን የሒሳብ መደብ የለንም፤ እሺ፣ ይህን ትቼልሃለሁ›› አሉን።

ቀጥላ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅዋን አነሣች። ‹‹እኔን የጎደለኝ ሌላ ነው›› አለች። ‹‹ልጁ እናቱን የሚያስተዳድር ነበር ካላችሁ፣ ያች እናት የት አለች? ልጅዋ በረሃ ሲሻገር እርስዋ ምን በልታ፣ ምን ብላ ጠበቀችው? ወንዶች ስለ ወዳጅነታቸው ሲጽፉ ከኋላ የቀረውን ቤት አይጽፉትም።›› ለዚህ መልስ አላገኘንለትም፤ እውነትም በዚያ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ሴቶች የሚታዩት ከሩቅ ነው።

አንድ ወጣት የቀረጥ ሠራተኛ ግን መጽሐፉን ሳያነበው ወደደው። ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ ለሚውል ሰው፣ ውኃና ዳቦ ብቻ ይዞ ከታመነ ጓደኛ ጋር የሚሄድበት አገር መኖሩን መስማት ብቻውን ዕረፍት ነው አለ። ከተጓዦቹም አንዱ ቢሆን ይመኝ እንደ ነበር ነገረን።

በመጨረሻ የተናገረው የዐፋር ተወላጅ የሆነው ባልደረባችን ነው። እርሱ ጥቂት ተናጋሪ ነበር። ‹‹አባቶቼ ግመለኞች ናቸው›› አለ። ‹‹ይህ እንግሊዛዊ በእኛም አገር አልፎአል። ጀግና መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ረኀብን መርጦ የገባ ሰው ሲሰለቸው ይወጣል፤ ረኀብ የመረጠው ሰው ግን መውጫውን ሲፈልግ ይኖራል። ጸሐፊው ጓደኞቹን ይወዳል፤ መውጫቸውን ግን አይወድም።›› ይህንም ማለቱ ጸሐፊው መኪናንና ነዳጅ ዘይትን በመጽሐፉ ውስጥ ስለሚያማርር ነው። ቴሲጀር እርሱ ያነሣቸው ካርታዎች ለሌሎች መንገድ መጥረጋቸውንና የወደደውን ሕዝብ አኗኗር ለማጥፋት መርዳታቸውን አውቆ ተጸጽቶ ጽፎአል። በአቡ ዳቢ ነዳጅ የተገኘው መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1958 ነበር።

መምህራችን በዚህ ጊዜ ወደ እኛ ዞሩና፣ ‹‹ሁሉም ተናገረ፤ ያነበብከው አንተ የራስህን አስተያየት አልነገርከንም›› አሉ። እኛም ‹‹መልካም መጽሐፍ ነው›› ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣንም። መምህሩ ቃላት ያነሰን መስሎአቸው፣ ‹‹በሚቀጥለው ጊዜ ቅጽል ጨምርበት›› ብለው አለፉን። ያነሰን ግን ቃል አልነበረም። የዐፋሩ ባልደረባችን ስለ ቴሲጀር የተናገረው ነገር ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሌላ ሰው ስለ እኛ የተናገረው ስለ ነበር ነው። ያም ሰው በዚያች ሌሊት በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም ነበር።

የተወለድነው በምሥራቅ ትግራይ፣ በአጽቢ ደጋ ላይ ነው። ከደጋው ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታ በደረጃ በደረጃ እየወረደ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የጨው ሜዳ ሲጠልቅ ያያል። የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ግመልና በቅሎ እየነዳ ወደዚያ ይወርድና፣ ዐፋሮች ከምድር ፈልፍለው የሚያወጡትን አሞሌ ጨው ጭኖ ይመለስ ነበር። ይህን የጨው ጉዞ በትግርኛ ‹‹አርሆ›› እንለዋለን። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ አግዳሚ ወንበር አብሮን ይቀመጥ የነበረው ባልንጀራችን አባት ዕድሜያቸውን በአርሆ የፈጁ ሰው ነበሩ። በጥር ወር 1998 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ከልጃቸው ጋር እኛንም ይዘውን ወረዱ። ይህና ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ዘመን በአገራችን አቆጣጠር ነው። ዕድሜያችን ዐሥራ ሰባት ነበር።

ያ ጉዞ ከአእምሮአችን አይጠፋም። ቀን ቀን ከሙቀቱ ጋር እንታገላለን፤ ማታ ማታ አባትየው ሊጡን በጋለ ድንጋይ ላይ ጠቅልለው በፍም ውስጥ ብርኩታ ይጋግሩልናል። ባልንጀራችን ብርኩታውን ሲቆርስ ሁልጊዜ ትልቁን ወደ እኛ፣ ትንሹን ወደ ራሱ ያደርግ ነበር። ውኃው በቢጫ ጀሪካን ተጭኖ በቁጥር ይታደላል። በሦስተኛው ሌሊት ጥማቱ እንቅልፍ ነሣን። ሁሉም የተኛ በመሰለን ጊዜ ተነሣን፤ ጀሪካኑን ከፈትን፤ እስክንረካ ጠጣን። ከዚያም በፍርሃት ስንቸኩል ክዳኑን ሳናጠብቅ ጀሪካኑን በጎኑ አስተኝተን ወደ መኝታችን ተመለስን።

ሲነጋ ጀሪካኑ ባዶ ነበር፤ አሸዋው ጠጥቶታል። አባትየው ቆመው ሁለታችንንም ተመለከቱና ‹‹መን እዩ?›› ሲሉ ጠየቁ፤ ‹‹ማን ነው?›› ማለታቸው ነው። ጉሮሮአችን ተያዘ። ባልንጀራችን እኛን ሳያይ ‹‹ኣነ እየ›› አለ፤ ይኸውም ‹‹እኔ ነኝ›› ማለት ነው። አባትየው በአለንጋ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ መቱት፤ እስከሚቀጥለውም የውኃ ጉድጓድ ድረስ ድርሻው በግማሽ እንዲቀነስ አዘዙ። እኛም ዝም አልን። በዚያ ቀን እርሱ በግማሽ ሲጓዝ እኛ ሙሉ ድርሻችንን ጠጣን። ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ እኛም አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልነገረንም። የራሺድ ሰዎች ጥንቸላቸውን ለእንግዳ እንዳቀረቡ ስናነብ ብቻ ነው ምክንያቱ የታየን። በአባቱ ጉዞ ላይ እንግዳው እኛ ነበርን፤ እንግዳም አይዋረድም።

ከዚያ በኋላ መንገዳችን ተለያየ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ በአዲስ አበባም የመንግሥት ሥራ ያዝን። እርሱ ትምህርቱን ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጦ የመኪና ረዳት፣ ቀጥሎም ሾፌር ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ ከመቀሌ ተቀበለንና በገዛ አይሱዙው አሳፍሮ በአዲሱ አስፋልት ወደ ጨው ሜዳው አወረደን። የአራት ቀኑ መንገድ በጥቂት ሰዓት አለቀ። እርሱ መሪውን ይዞ ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። እኛ ግን በመስኮት ጥቂት ግመሎች ብቻ ሲያልፉ አየንና ተከፋን። በአዲስ አበባ ሆነን ለሰው ሁሉ ስንተርከው የነበረው አርሆ ሲጠፋ የዘረፉን ያህል ተሰማንና፣ ‹‹የአባቶቻችንን ነገር ለጥቂት ብር ገደላችሁት›› አልነው።

መኪናውን ከዳር አቆመና እንዲህ አለን፤ ‹‹አንተ አንድ ጊዜ ወርደህ ዕድሜ ልክህን ታወራዋለህ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ወርደው አንድ ቀን አላወሩትም። ጉልበታቸውን አይተሃል? ያለ ምርኩዝ ከደጃፋቸው አይወጡም። ግመሉን የምትወደው አንተ ስለማትጭነው ነው።›› እኛም የተማረ ሰው ነንና በክርክር አልተሸነፍንም፤ ያወቅነውን ታሪክ ሁሉ ዘረዘርንበት። ወደ መቀሌ እስክንመለስ ድረስ አንድም ቃል አልተለዋወጥንም። ከዚያ በኋላም ለዓመት በዓል እንኳ አልተደዋወልንም፤ ይደውል እያልን ጠበቅነው፤ እርሱም እንዲሁ ጠብቆን ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። የስልኩ መስመር ሲቋረጥና ሲቀጠል ቆይቶ በመጨረሻ ፈጽሞ ጠፋ። ወንድሞቻችንን ለመፈለግ ቀን በቀን የምንደውለውን ያህል፣ ማታ ማታ የእርሱንም ቁጥር እንሞክር ነበር። አስቀድሞ መስመሩ ክፍት ሳለ በኩራት ያልደወልነው ስልክ፣ አሁን በልመና ብንደውለው የሚያነሣው የለም። ‹‹አረቢያን ሳንድስ››ን የገዛነው በእነዚያ ወራት ነው፤ የበረሃ ሥዕል ስላየንበት ብቻ ገዛነው።

በእኛ እጅ ያለው እትም በኋላ ዘመን የተጻፈ መቅድም አለው። ቴሲጀር የዐረብን ምድር በ1950 ከለቀቀ በኋላ በ1977፣ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ተመልሶ ሄደና ቢን ካቢናንና ቢን ጋባይሻን አገኛቸው። በወጣትነታቸው ጠጉራቸውን አስረዝመው በግመል የሚሄዱት ልጆች ጎልማሶች ሆነዋል፤ አገራቸውም በመኪና ተሞልቶአል። እርሱ ግን በዚያ ጉብኝት ልቡ ተሰበረ፤ የለውጡንም ነገር ሊቀበለው አልቻለም። ከዚያም ብዙ ዓመት አልፎ፣ ዕድሜው ሰማንያ ሲሞላ ወደ አቡ ዳቢ ተመልሶ፣ የማይቀረውን ለውጥ መቀበሉን ጻፈ። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ዘጋን። አንድ ሰው ወዳጆቹ በመኪና መሄዳቸውን ለመቀበል አርባ ዓመት ፈጀበት፤ እኛ ግን ያን ያህል ዘመን እንደሚሰጠን በምን እናውቃለን? መምህራችን አስተያየታችንን በጠየቁን ሌሊት በአፋችን የተቀረቀረው ይህ ነበር።

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈረመ። የስልኩም መስመር ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመረ። አንድ ማታ የእርሱን ቁጥር እንደ ልማዳችን ስንሞክር ጠራ። ሲነሣ ድምፅ አልነበረም፤ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ስማችንን ተናገርን። ጥቂት ዝም አለና በትግርኛ፣ ‹‹ጀሪካኑን ከድነኸዋል?›› ሲል ጠየቀን።

በዚያች ሌሊት አልተኛም ነበር። ስንጠጣ አይቶናል፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉም በልቡ ይዞት ኖሮአል። በአይሱዙው ውስጥ በክርክር ስናዋርደው እንኳ ያንን አላነሣብንም። ሳቅንና ወዲያው ዕንባ ያዘን። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡን ነገር ጠየቅነው። ሚስቱና ልጆቹ ደኅና ነበሩ። አባቱ በሕመም ዐርፈዋል። መኪናው ጠፍቶአል። ቤተሰቡን ለመመገብ ሁለት ግመል ተከራይቶ ወደ ጨው መንገድ መመለሱን ነገረን፤ ‹‹ደስ ይበልህ፣ አርሆው ተነሥቶአል›› አለን፤ ያለ ምሬት ነው የተናገረው። እኛ ግን ግመልን በየስብሰባው ስናወድስ የኖርን ሰዎች፣ በዚያች ሌሊት ተንበርክከን መኪናው እንዲመለስለት ጸለይን።

ለሌላ መኪና መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አዋጥተን ብንልክለት፣ ስጦታ ከሆነ አልቀበልም አለ። በብድር ተስማማን፤ በሁለት ዓመት ከፍሎ ጨረሰው። ይህን ለሒሳብ ክፍሉ ሹም ባወራንላቸው ጊዜ፣ ‹‹ደረሰኝ ተጻፈ?›› ሲሉ ጠየቁን። አልተጻፈም አልናቸው። ‹‹እንግዲያውስ ንግድ አይደለም›› አሉና ሳቁ።

እንግዲህ መምህራችን የጠየቁንን ዛሬ እንመልስ። በዚያች ማታ የተናገሩት አንባቢዎች ሁሉ እውነት ተናግረዋል። ገንዘብ በወዳጅነት መካከል መግባቱ፣ የእናትየዋ አለመታየት፣ የበረሃው ነጻነት፣ የተራበ ሰው መውጫውን መፈለጉ፣ ሁሉም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። በእኛ አስተያየት ግን ‹‹አረቢያን ሳንድስ›› መነበብ የሚገባው ጸሐፊው ጀግና ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ወዳጆቹን ከልቡ የወደደ ሰው እንኳ ሊበድላቸው እንደሚችል ሳያውቀው ስለሚያሳየን ነው። በመንገድ ላይ ውኃና እንጀራ መካፈል የባልንጀርነት መጀመሪያው ነው። መንገዱ ካለቀ በኋላ ባልንጀራችን የራሱን መንገድ ሲመርጥ፣ እኛ የወደድነውን መልኩን እንዲይዝልን አለማስገደድ ግን ከዚያ ይከብዳል። ጥማት አንድ ቀን ይበርዳል፤ ይህኛው ዕድሜ ይጠይቃል።

አንድ ዕዳ ቀርቶብናል። በ2016 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስንሄድ የአባቱን መቃብር ተሳልመናል፤ ነገር ግን ባልንጀራችን አጠገባችን ቆሞ ስለ ነበር ልንናገር የመጣነውን ሳንናገር ተመለስን። እርሱ ከዚያ ወዲህ አማርኛ ማንበብ አዘውትሮአልና ይህ ጋዜጣ በእጁ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አባትየው በዚያ ጠዋት ለጠየቁት ጥያቄ፣ ቢዘገይም፣ መልሱን እዚህ እናኖራለን። ውኃውን የጠጣነው እኛ ነን፤ ክዳኑን ሳናጠብቅ የተውነውም እኛ ነን፤ ልጃቸው ምንም አላደረገም።